በቆርቆሮ አጥር ማዶ የታሰረው ኒካህ

ክፍሉን ከማየቴ በፊት ሽታውን አወቅሁት። ሽንኩርት ነበር። መርሳ ውስጥ ያለው ያ ቤት ከእኛ በፊት የሽንኩርት መጋዘን ስለነበረ ግድግዳውም፣ ሲሚንቶውም፣ የተነጠፈልኝ ጆንያም ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ይንጣጣል። መስኮት የለውም። ከበሩ በላይ አንዲት ክፍተት አለች፤ በእሷ በኩል በግቢው ውስጥ ያለው የማንጎ ዛፍ ጫፍ ይታያል።

ሳጅኗ ከኋላዬ በሩን ስትዘጋው አንዲት ሴት ከጥጉ በኩል፣ «ግቢ እህቴ፣ ግቢ። እዚህ ቤት የሚያለቅስ ሰው ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ ሽንኩርቱ ነው ይባላል» አለችኝ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳላስበው ፈገግ አልኩ። ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የቀለደችው የውርጌሳዋ ሴት ናት። ስሟን አልጽፍም፤ የማንንም አልጽፍም። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ምግብ ቤት ነበራት። የታሰረችው የታጠቁ ሰዎችን አብልተሻል ተብላ ነው። «የራበው ሰው መጥቶ ተቀመጠ፤ ሽሮ አቀረብኩ። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ ያስቀመጠን ሰው መጀመሪያ መታወቂያህን አሳየኝ ልበለው?» ትላለች። ደረቷ ላይ መስቀል አለ፤ ስትስቅ አብሮ ይዘላል።

ከእሷ አጠገብ የተቀመጡት ከሐራ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ እናት ናቸው። እማማ እንላቸዋለን። በአገራቸው ዱበርቲ ናቸው፤ ሴት ስታምጥ ወይም ዝናብ ሲዘገይ ተጠርተው ዱአ ከሚያደርጉ እናቶች አንዷ። ልጃቸውን ሊይዙ የመጡት ሰዎች ሲያጡት እሳቸውን ይዘው ሄዱ። ልጁ ሲገኝ ይፈታሉ ተብለዋል። ልጁ የት እንዳለ ግን እሳቸውም አያውቁም።

የእኔ ነገር እንዲህ ነበር። ፋርማሲ ተምሬ ወልድያ አንድ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። አባቴ መርሳ አጠገብ ባለች ቀበሌ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ስኳር አለባቸው። እግራቸው ላይ የወጣው ቁስል ወራት አልፎታል፤ በደንብ ታጥቦ ካልታሰረ ያመረቅዛል። ከሥራ መልስ ሚኒባስ ይዤ እየወረድኩ የማጥበውና የማስረው እኔ ነበርኩ። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቅድም። አንድ ቀን ጎረቤታችን አዝናላቸው አስራው ብትሄድ ፈትቼ እንደገና አሰርኩት።

በዚያ ቀን ፋሻው ስለሚያልቅብኝ በዛ አድርጌ ይዤ ነበር። ኬላው ላይ ቦርሳዬን የፈተሸው ሰው ፋሻውን አንድ በአንድ እያወጣ ወንበሩ ላይ ደረደረው።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለአባቴ።»

«አባትሽ ስንት እግር ነው ያላቸው?»

«ሁለት» አልኩት። ድምፄ ስለማይሰማ ደግሜ እንድናገር አደረገኝ። ሁለተኛ ስናገር ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ሚኒባሱ ያለ እኔ ሄደ።

ዓይናፋር ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ሥራዬን ሳቀርብ ከኋላ የተቀመጡት አንሰማም ብለው ወደ ፊት መጥተዋል። ድምፄን የማላምነውን ያህል ጥንቃቄዬን አምን ነበር። መድኃኒት ደጋግሜ ሳላይ አልሰጥም። የምሄድበትን መንገድ፣ የምመለስበትን ሰዓት፣ የምናገረውን ቃል አስቀድሜ አስባለሁ። የተጠነቀቀ ሰው ላይ ክፉ ነገር የሚመጣ አይመስለኝም ነበር። ለዚህ ነው ታስሬም ያላረፍኩት። ጆንያዬ ላይ ተቀምጬ መርማሪው የሚጠይቀኝን በልቤ እጠይቃለሁ፤ መልሴን አስተካክላለሁ፤ እንደገና እጠይቃለሁ።

እማማ ለጥቂት ቀናት ዝም ብለው አዩኝና አንድ ከሰዓት ጠጋ አሉኝ።

«ልጄ፣ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አላህን እያወሳሽ ዚክር የምታደርጊ መስሎኝ እቀናብሽ ነበር» አሉ። «ለካ ክርክር ነው።»

የውርጌሳዋ ጆንያዋ ላይ ተንከባለለች። «ረታሽው ወይስ ረታሽ?»

«ገና ነው» አልኳት፤ ያኔ እኔም ሳቅሁ።

ያልነገርኳቸው አንድ ነገር ነበር። የተያዝኩት ኒካሄ ሊታሰር ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። እጮኛዬ ወልድያ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል፤ የተበላሹትንም ይጠግናል። እጁ ከግሪስ ነፃ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ሳቂታ ነው፤ እኔ የማልናገረውን ሁሉ እሱ ይናገርልኛል። ረመዳን ሳይገባ ኒካሁ ይታሰር ተብሎ ሐሙስ ተቆርጦ ነበር። ሐሙሱ እየቀረበ ሲመጣ እኔ ሽንኩርት ቤት ነኝ።

ጥየቃ ተከልክሏል። ስንቅ በር ላይ ተቀብለው ያስገቡልናል እንጂ ሰው አናይም። ማክሰኞ ጧት ሳጅኗ የአክስቴን ሰሃን አምጥታ ሰጠችኝና አልሄደችም።

«አንቺ፣ ሙሽራ ነሽ እንዴ?» አለችኝ።

ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«አባትሽ መጥተው ነበር። ኒካሁ በቀኑ ይታሰር፣ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ፣ ድምጿን ብቻ አሰሙን ብለው ኃላፊውን ለመኑት። ሰው አይገባም አላቸው። ከአጥሩ ውጭ ያለው ግን የሕዝብ መንገድ ነው፤ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ቢጮህ አልሰማሁም እላለሁ ብሏል። ሐሙስ ረፋድ ላይ ይመጣሉ።»

ወጥታ በሩን ከመዝጋቷ የውርጌሳዋ ተነስታ ቆመች። «ሰርግ አለብን! አንቺ ጉደኛ፣ ይሄን ይዘሽ ነው ዝም ያልሽው? ሰው ሰርግ ይደብቃል?»

«ሰርግ አይኖርም» አልኩ። «እምቢ ልላቸው ነው።»

ጣሪያው ብቻ ተንጣጣ።

እምቢ የምለው ስለምጠላው አልነበረም። አስቤበት ነበር። መቼ እንደምፈታ አላውቅም። ወደ ሌላ ቦታ ሊወስዱኝ ይችላሉ። ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ሰውየው እስረኛ ሚስት ይዞ በየበሩ ሰሃን ተሸክሞ እንዲቆም አልፈልግም። እምቢ ካልኩት ያዝናል፤ ግን ነፃ ይወጣል። ይህንን ሁሉ ቀስ ብዬ፣ በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። ስነግራቸው ለራሴም ትክክል መሰለኝ።

እማማ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አስበሽ ጨርሰሻል?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ሽንኩርቱ ነው» አለች የውርጌሳዋ፤ በዚህ ጊዜ ግን ማንም አልሳቀም።

እማማ እጄን ወስደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። መዳፋቸው ሻካራና ሙቅ ነበር። «እኔ ያንቺን ትምህርት አልተማርኩም። ግን ልጠይቅሽ። ለሰው መድኃኒት ስትሰጪ እንደሚድን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ትሰጪዋለሽ ግን።»

«ተጠንቅቄ እሰጠዋለሁ።»

«ማዳኑስ፣ ሽፋውስ የማን ነው?»

«የአላህ ነው።»

«በይ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

እኔ ግን አልረካሁም። ምናልባት የተማረ ሰው ክፉ ልማድ ይሆናል። «እርስዎስ ይችሉበታል?» አልኳቸው። «ልጅዎን ለአላህ ሰጥተው እንቅልፍ ይወስድዎታል?»

ጠይቄያቸው ወዲያው ደነገጥኩ። የውርጌሳዋ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። እማማ ግን አልተቆጡም።

«አልችልበትም» አሉ። «ጧት ሰግጄ አስረክበዋለሁ። ያ ረቢ፣ ልጄ ያንተ ነው፣ ጠብቀው እላለሁ። ፀሐይ ሞቅ ሲል መልሼ እወስደዋለሁ። በልቶ ይሆን፣ በርዶት ይሆን እያልኩ ስዞር እውላለሁ። ማታ ለመግሪብ ስሰግድ ደግሞ አስረክበዋለሁ። አላህ አይሰለችም፤ እኔ ነኝ የምሰለቸው።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «ፍየሌን ግን አንድ ጊዜ አስረክቤ አልመለስኩባትም። ልትወልድ ደርሳ ነበር። ለአላህ ሰጠኋት፤ ለጎረቤቴም ነገርኳት።»

ያን ቀን ስለ ኒካሁ ሌላ ወሬ አልተነሳም። እኔም እምቢ ማለቴን አልተውኩም። ሁለቱ ሴቶች ግን ምንም እንዳልተባለ ሁሉ ለሰርግ መዘጋጀታቸውን ቀጠሉ።

ረቡዕ የውርጌሳዋ እህት ስንቅ ስታመጣ በእንጀራው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ እንሶስላ ላከች፤ የተወቀጠ፣ እርጥብ። ሳጅኗ አገኘችው። በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው» አለች የውርጌሳዋ።

«የምን መድኃኒት?»

«የጥፍር።»

ሳጅኗ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች። «መድኃኒት ከሆነ ፋርማሲስቷ ትናገር» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«እንሶስላ ነው» አልኩ።

«አሁን እውነት ተገኘ» አለች። ላስቲኩን መለሰችልን። በሩ ላይ ግን ቆማ ቀረች፤ የትንሿን ጣቷን ጥፍር ዘረጋች። እማማ ምንም ሳይናገሩ እንሶስላውን ቆንጥረው አደረጉላት፤ በጨርቅ ብጣሽም አሰሩላት። ያን ከሰዓት ሳጅኗ ትንሿ ጣቷን እንደጠቀለለች ግቢውን ስትዞር ዋለች። ከወዲያ ማዶ የታሰሩት ወንዶች «ሳጅን፣ ቆሰልሽ እንዴ?» ሲሏት ሰማን።

የእኔንም እጅ ያዙት። «እምቢ ብዬ እመለሳለሁ ብያችኋለሁ» አልኳቸው።

«በይ እምቢ» አለች የውርጌሳዋ፣ ጣቶቼን እየጠቀለለች። «እጅሽ አምሮ እምቢ በይ። ምን ከለከለሽ?»

ሐሙስ ረፋድ ላይ ወደ ግቢው አወጡን። ፀሐዩ ገና ሞቅ ማለቱ ነው። ዓይኔ ብርሃኑን እስኪለምድ የማንጎው ዛፍ ብቻ ነው የታየኝ፤ አበባው ተራግፎ እንደ ጥራጥሬ ጥቅጥቅ ያሉ ትናንሽ ፍሬዎች ይዞ ነበር። ከዛፉ ሥር ግቢውን ከመንገዱ የሚለየው አጥር ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቆርቆሮ ነው። ከዚያ ማዶ የባጃጅ ድምፅ፣ የሰው ጉምጉምታ ይሰማል። ምንም አይታይም። ከግቢው ወዲያ በኩል ወንዶቹ እስረኞች በራቸው ላይ ተደርድረው ቆመዋል። ኃላፊው ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ለአጥሩ ሰጥቶ ተቀምጧል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ የዚህ ግቢ ሰዎች!» አለ ከማዶ አንድ የሽማግሌ ድምፅ። የመንደራችን ሼህ ናቸው።

ግቢው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ጭምር፣ «ወአለይኩሙ ሰላም!» አለ።

«ሙሽሪት አለሽ?»

«አለች!» አለች የውርጌሳዋ።

«አንቺን አልጠየቅሁሽም።»

ወንዶቹ ሳቁ። የውርጌሳዋ ግን አልተበገረችም። «ሼህዬ፣ ልጅቷ ዓይናፋር ናት። በእናንተ ወግ ልጃገረድ ስትጠየቅ ዝም ካለች ፈቀደች ይባላል አይደል? ይኸው ዝም ብላለች!»

እውነቷን ነው፤ በእኛ ወግ ሙሽራ አትጮህም። ምስክሮች መጥተው ሲጠይቋት ፊቷን ሸፍና ዝም ትላለች፣ ወይም ታለቅሳለች፤ ከጎኗ ያሉት ሴቶች «እሺ ብላለች» ይሉላታል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስለዚያ ቀን ሳስብ የሚያጽናናኝ ይኸው ነበር። ዝም ማለት እችልበታለሁ።



«ከቤቷ ብትሆን ዝምታዋ ይበቃኝ ነበር» አሉ ሼሁ ከማዶ። «በታሰረ ሰው ዝምታ ግን ኒካህ አላስርም። ወዳ ነው ወይስ ጨንቋት፣ በምን አውቃለሁ? ከአፏ ካልሰማሁ ተመልሼ እሄዳለሁ።»

ሳጅኗ መሬት መሬት አየች። ኃላፊው ከወንበሩ አልዞረም፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። እዚያ ግቢ ከገባሁ ጀምሮ መርማሪው ፊት ዝም ባልኩ ቁጥር እንዳመንኩ ይቆጠርብኝ ነበር። ዝምታዬን እንደ እሺታ አልወስድም ያለኝ ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እምቢ ለማለት ያዘጋጀሁትን ቃል ፈለግሁት። ነበረ፤ አልጠፋብኝም። ቅደም ተከተሉም ልክ ነበር። ዓመት ሊሆን ይችላል፣ ሊበልጥም ይችላል። ግን ያ ሁሉ የእኔ ግምት እንጂ እውቀት አልነበረም። ስለ ነገ የማውቀው አንድም ነገር የለም። ቦርሳዬ ውስጥ ፋሻ ስከትም አላውቅም ነበር። እማማን አየኋቸው። እጃቸውን ለዱአ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል፤ ለእኔ ይሁን ለልጃቸው ያደረጉት እንጃ።

ያ ረቢ፣ እኔ አላውቅም፤ አንተ ታውቃለህ፣ አልኩ በልቤ። ክርክሬ እዚያ ላይ ቆመ። ትከሻዬ ቀለለኝ።

«ፈቅጃለሁ» አልኩ።

«አልተሰማም!» አሉ ከማዶ።

«ፈቅጃለሁ።»

«ነፋሱ ነው ቆርቆሮውን የሚያንኳኳው ወይስ እሷ ናት?» አለ አንድ ሌላ ሽማግሌ።

ወደ አጥሩ ሄድኩ። ሁለት እጄን፣ በእንሶስላ የቀሉትን ጣቶቼን፣ ቆርቆሮው ላይ አሳረፍኩ። ቆርቆሮው ይሞቃል። ከዚያ በሕይወቴ ጮኼው በማላውቀው ድምፅ ጮህኩ።

«ፈቅጃለሁ! ወድጄ ነው! አባቴን ወክያለሁ!»

ድምፄ ቆርቆሮው ላይ ነጥሮ ወደ እኔው ተመለሰ። የእኔ መሆኑን ለማመን ትንሽ ቆየሁ።

«ማሻአላህ!» አሉ ሼሁ። «ከዚህ እስከ ውርጌሳ ተሰማ። መህርሽስ? ምን ትጠይቂዋለሽ?»

መህሩን፣ ሙሽራው ለሙሽሪት የሚሰጣትን ስጦታ፣ አላሰብኩበትም ነበር። እምቢ ሊል የመጣ ሰው ስለ መህር አያስብም። «ወርቅ በይ!» አለች የውርጌሳዋ። «ላም!» አለ ከወንዶቹ አንዱ። እኔ ቀና ስል ከራሴ በላይ ያን ዛፍ አየሁት።

«ማንጎ!» አልኩ።

ከማዶ ጉርምርምታ ሆነ። «ምን አለች?» «ማንጎ ነው የምትለው።» «ማንጎ?»

ከዚያ የእሱን ድምፅ ሰማሁት። ከታሰርኩ ጀምሮ አልሰማሁትም ነበር። «ፍሬውን ነው ዛፉን?» አለ፤ ሳቁ ከድምፁ ቀድሞ ደረሰ።

«ዛፉን! አባቴ ደጅ የሚተከል!»

«ተቀብያለሁ!»

«ቆይ አንተ፣» አሉ ሼሁ፣ «ገና መች ተጠየቅህ?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው ጀርባው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሼሁ ጸጥ አሰኙና መንገዱ ላይ ቆመው ኒካሁን አሰሩት። አባቴ ሲናገሩ፣ እሱ ሲቀበል ሰማሁ። ዱአውን ሲጀምሩ ወንዶቹ ከወዲያ፣ ሴቶቹ ከወዲህ «አሚን» እያሉ ተቀባበሉ። የውርጌሳዋ እልልታዋን ስትለቀው መንገድ ላይ የቆሙት ባጃጆች ሁሉ ክላክሳቸውን አንድ ላይ አስጮኹ። እሷም ወዲያው ግጥም አወጣችልኝ፤

አጥሩ ቆርቆሮ ነው፣ በሩም ቁልፍ አለው፣
የሙሽሪትን ድምፅ ማን ሊያስቀረው ነው።

ሳጅኗ፣ ፖሊስነቷን ረስታ፣ አጨበጨበች።

ኃላፊው ተነሳ። «በቃ፣ መንገድ ተዘጋ፤ ይበተኑ» አለ። እኔን ሳያየኝ ወደ በሩ ሄደና፣ «ተምር አምጥተዋል፤ ስንቅ ስለሆነ ይገባል» አለ። በሩን እጅ በሚያስገባ ስፋት ከፈተው። ሰሃኑን ልቀበል ጎንበስ አልኩ። በክፍተቱ በኩል የታየኝ የሰው ፊት አልነበረም። እግር ነበር። የአባቴ እግር፣ በፕላስቲክ ጫማ ውስጥ።

ፋሻው ነጭ ነበር። ንጹሕ፣ ደረቅ። ምንም የወጣበት ነገር የለም፤ ጣታቸውም አላበጠም። ከታሰርኩ ጀምሮ ስለዚያ እግር ያልገመትኩት ክፉ ነገር አልነበረም። እኔ ከሌለሁ ያመረቅዛል፣ ይቆረጣል ብዬ ነበር። ቋጠሮውን አየሁት። የእኔ አልነበረም። የጎረቤታችንም አይደለም። ሽቦ እንደሚጠመዘዝ ተጠምዝዞ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሰክቷል።

«አባ፣ ማን ነው ያሰረልዎ?» አልኩ።

«ባልሽ ነዋ» አሉ አባቴ ከላይ። «ከተያዝሽ ጀምሮ እየወረደ እሱ ነው የሚያጥበኝ። እጁን በሳሙና ሲፈትግ ብታዪው! ቆዳው እስኪላጥ።»

ባልሽ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት እንዲህ ነው። በሩ ተዘጋ። ተምሩን መጀመሪያ ለእማማ፣ ከዚያ ለሳጅኗና ለኃላፊው፣ ከዚያ ወደ ወንዶቹ አዞርኩ። ኃላፊው አንዲት ፍሬ ብቻ አነሳ፤ «ይባርክ» አለ፤ ቀስ ብሎ።

ያን ቀን ወደ ሽንኩርቱ ቤት ስንመለስ ጆንያዬ ላይ ጋደም አልኩና ቀትሩን ሙሉ ተኛሁ። ከታሰርኩ ጀምሮ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም ነበር። ስነቃ እማማና የውርጌሳዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ፍየል ያወሩ ነበር።

ከዚያ በኋላም ወዲያው አልተፈታሁም። ረመዳን እዚያው ገባ፤ የውርጌሳዋ ለእኛ ስትል ቀን ምግብ ሳትቀምስ እየዋለች ከእኛ ጋር ታፈጥር ነበር። በኋላ ግን አንድ በአንድ ወጣን፤ መቼ እንደምንወጣ ሳይነገረን እንደቆየን ሁሉ፣ ለምን እንደወጣንም አልተነገረንም። የውርጌሳዋ ምግብ ቤቷን ከፍታለች። በዚያ ስናልፍ ሂሳብ አትቀበለንም፤ «ሙሽሮች ናቸው» ትላለች፤ እስከ አሁን።

እኔ ያው ነኝ። መድኃኒት ደጋግሜ ሳላይ አልሰጥም። ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፤ ባሌ ሳልሰማ ቀረሁ ብሎ «እስቲ እንደ ቆርቆሮው ቀን በይው» ይለኛል። የአባቴ ቁስል ድኗል። መህሬ ደጃቸው ላይ ተተክሏል፤ ቁመቱ ደረቴ ጋ ደርሷል። አንዳንድ ጊዜ ጥንቃቄዬን ከሚገባው በላይ አምኜ ከንፈሬ መንቀሳቀስ ሲጀምር እማማ ጋ እደውላለሁ። ፍየላቸው ያኔ መንታ ወልዳ ነበር የጠበቀቻቸው። ልጃቸው ገና አልተመለሰም፤ ግን አንድ ቀን ደውሎላቸው ድምፁን ሰምተዋል።

ባለፈው ጁምዓ ደወልኩላቸው።

«ማንጎው አፈራ?» አሉኝ፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው።

«ገና ነው፣ እማማ።»

«ውሃ ታጠጪዋለሽ?»

«አጠጣለሁ።»

«በይ።»

«እርስዎስ?» አልኳቸው። «ልጅዎን ዛሬ አስረከቡት?»

ከጀርባቸው የግልገል ጩኸት ይሰማኛል።

«ጧት አስረክቤው ነበር» አሉ። «ስልኩ ሲጮህ እሱ መስሎኝ ሮጬ መልሼ ወሰድኩት። ቆይ እስቲ» አሉና ስልኩን ሳይዘጉ አስቀመጡት። ከሩቅ፣ ለእኔ ባልሆነ ድምፅ፣ ያ ረቢ ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ ተመልሰው አነሱት።

«ይኸው» አሉኝ እየሳቁ፤ «አሁን አወሪኝ።»